ብረት በቀትር ይዋሻል

ሰናዒያ፣ ሻርጃ። ከሱብሒ አዛን በፊት
የቆርቆሮውን በር ገፍቼ በሌሊት፣
አምፖሏን ሳበራ፣ ባንኮው ላይ ተዘርግቶ አለ
የዚያ የድሮ መኪና ሆድ ዕቃ፣ በስድስት የተከፈለ።

ውሃ አያውቅም ይኼ ሞተር፤ ራዲያተር የለው፣ ቱቦ፤
ማራገቢያ ብቻ ጀርባው ላይ፣ እንደ ሱፍ አበባ ከብቦ፤
ነፋስ ስቦ፣ ነፋስ ጠጥቶ ነው ገላው የሚበርደው።
የተወለደበት አገር በረዶ ነው፤
እዚህ ግን፣ በሰኔ፣ ነፋሱን ማን ያብርደው?

ሁለት ነጥብ አራት ነበር ኸልፋን ሲያስረክበኝ፤
«ሁለት ነጥብ ሰባት አድርገው፤ የከልባ ዳገት ላይ አሳፈረኝ።»
ከሰማንያ አራት ወደ ዘጠና፤ ስድስት ሚሊ ይስፋ ወርዱ፣
የስንዴ ፍሬ ርዝመት ናት፤ ስድስት ወር ፈጀ ጉዱ።

ሰው ሞተር ማሳደግ ሲባል መጨመር ይመስለዋል።
መቀነስ ነው እንጂ። ቶርኖው ላይ ግድግዳው ይፋቃል፣
ማግኒዚየሙ እንደ ነጭ ሽንኩርት ልጣጭ እየተጠቀለለ ይወድቃል።
ቤቱ የሚሰፋው ግድግዳው ሲሳሳ ነው፤
ሲሳሳ ደግሞ ፍርሃት አለው፣ የሚያውቀው የነካው ነው።

ቶርኖ ቤቱ የረፊቅ ነው፣ የሲያልኮት ሰው። አንድ ዓይኑ ብርሃን የለውም፣
በቀረችው ግን ከፀጉር የቀጠነ አያመልጠውም።
እኔ ኮምቦልቻ በተማርኩት አፍ «ቴስታታ»፣ «ፋሻ»፣ «ቢየላ» ስለው፣
«አንተ ሐበሻ ነህ ወይስ ጣሊያን?» እያለ ሳቅ ነው የሚገድለው።

ባለፈው ሐሙስ፣ ቀትር ላይ፣ ስድስቱንም ለካን፤ ልክ ነው።
ኸልፋን ሲሰማ «ግጠሙት!» አለ፤
ጓደኞቹ ዓርብ ማታ ኮርኒሽ ላይ ሊሰለፉ ነው።
እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ። አርባ ስድስት ዲግሪ ነበር፤
ያበጠ ብረት ነው የለካነው።
ብረት በቀትር ይዋሻል፤
ከሱብሒ በፊት ነው እውነቱን የሚናገር።

ይኸው አሁን ማይክሮሜትሩን በጨርቅ ይዤ፣ የእጄ ሙቀት እንዳይነካው፣
አንደኛው ልክ። ሁለተኛው ልክ።
ሦስተኛው ላይ ቆምኩ፤ ደግሜ ለካሁ፤ ሦስቴ ለካሁ፤ ያው።
ሁለት መቶኛ ሚሊ ሜትር ይጠብባል።
ፀጉር ለአራት ብትሰነጥቅ፣ አንዷ ስንጣቂ ማለት ነው።

ለኸልፋን ደወልኩ። ጮኸ። ዘጋው። መልሶ ደውሎ ጮኸ።
«ለዚህች?» አለ።
«ለዚህች» አልኩት።
ረፊቅ ጋ ስወስደው፣ ሻዩን አስቀመጠ፣
በደህናዋ ዓይኑ አየኝና፣ ምንም ሳይል ቶርኖውን አስነሳ።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ ጨለማ ሳለ፣ ሞተሪኖውን ነካሁት፤
አንዴ ሳለ፤ ዝም አለ። ልቤ ጉሮሮዬ ጋ ደረሰ፤ ደገምኩት፤
ስድስቱም ባንድ አፍ!
መደርደሪያው ላይ የብሎን ቆርቆሮዎች ተንጫጩ፣
ጎረቤት የሚያድረው ጎሚስታ ከፍራሹ ተነስቶ እናታችንን ሰደበ።

ኸልፋን ቁልፉን ዘረጋልኝ። «አንተ ሠራኸው፣ አንተ ንዳው።»
ዘጠኝ ዓመት እዚህ አገር። መንጃ ፈቃድ የለኝም። እኔ የምነዳው
ከበሩ እስከ ግንቡ ነው፤ ሠላሳ ሜትር ወደፊት፣ ሠላሳ ወደኋላ።
ይኼን አልነገርኩትም።
«አንተ ንዳ፣ እኔ ልስማ» ብዬ ገባሁ በወዲያኛው በር፣

ጀርባዬን ለድምፁ ሰጥቼ፤ ሞተሩ ከኋላ ነውና።
ከልባ ዳገት ላይ ፀሐይ ወጣች። ሽማግሌው እንደ ልጅ ይስቃል፣
በየመታጠፊያው «ሰማህ? ሰማህ?» ይለኛል።
ሰምቻለሁ። ሦስተኛው ከወንድሞቹ እኩል ይተነፍሳል።
አንዲት ቫልቭ ብቻ፣ አምስተኛው ላይ፣ ቀስ ብላ ታንኳኳለች።
አላስደነገጥኩትም፤
ከአምስት መቶ ኪሎ ሜትር በኋላ ራሷ መልሳ ታመጣዋለች።