የኔስታ ፊሽካ

ከሌሊቱ አስር ሰዓት፣ ጭጋግ ሸለቆውን ሳይለቅ፣
በጓንቴ አንጠልጥዬ በላምባ የራሰ ጨርቅ፣
ወደ ሆዷ አጎንብሼ እሳቱን እለኩሳለሁ፤
አራት ሰዓት ትፈጃለች፣ እኔም ሻዬን እጠጣለሁ።
ብረት ሲሞቅ ቀስ ብሎ ነው፣ እንደ ቂመኛ ሰው ልብ፤
ካጣደፉት ይሰነጠቃል፣ ሲታገሡት ነው የሚረግብ።

«ዕድሜዋ ስንት ነው?» ይላሉ ጎብኚዎች ካሜራ ደቅነው፤
«የትኛው አካሏ?» እላለሁ፤ መልሴ ቁርጥራጭ ነው።
ቦይለሯ ከልጄ ያንሳል፣ መንኮራኩሯ ከሌላ ሬሳ፣
ጭስ ማውጫዋ በሰፈር ሴቶች ኬክ ሽያጭ የተነሳ፤
ስሟ ብቻ ነው፣ «ኔስታ»፣ በናስ ሰሌዳ ላይ የኖረ፤
እና ደግሞ ያ ፊሽካዋ፣ ሃያ ስድስት ዓመት ሰው ቤት የነበረ።

በሊድስ ተቀጥቅጣ ተሠርታ፣ ወደ ዌልስ ተጭና መጣች፣
ሃምሳ ዓመት የጣራ ድንጋይ ከተራራ ወደብ አወረደች።
የሐምቡርግን ዝናብ የሚመክት፣ የደብሊንን ዶፍ የሚመልስ፣
እሷ ያወረደችው ድንጋይ ነው፤ በእሷ ላይ ግን ሲፈስ፣
አስራ ዘጠኝ ክረምት ሙሉ ጣራ አልነበራትም፤
የድንጋይ ካባው ሲዘጋ ማንም «ግቢ» አላላትም።
ቁራ በጭስ ማውጫዋ ፈለፈለ፣ እንጆሪ በእሳት ቤቷ በቀለ፤
ያን ፍሬ ስሰርቅ ነው ዝምድናችን የተጀመረው፣ ሌላ ታሪክ የለ።

አንድ ቀን ብረት ነጋዴ መጣ፤ ዞሯት፣ በቶን ገመታት፣
በጎኗ ላይ በጠመኔ ትልቅ ኤክስ አሰመረባት።
በዚያው ሌሊት ኢድዋል፣ ሠላሳ ዓመት የነዳት፣
በአካፋዋ ላይ እንቁላል ጠብሶ ቁርስ የበላባት፣
መፍቻውን ይዞ ወጣ፤ ሚስቱ አላለችውም «ወዴት?»
ጎህ ሳይቀድ ተመለሰ፣ በሹራብ የተጠቀለለ ነገር ታቅፎ፤
«አካሏን ይቁረጡት፣ ድምጿን ግን አይወስዱም» አለ ደጃፉን አልፎ።
ነጋዴው ግን ከሰረ፤ መቁረጫው ሳይነካት ቀረ፤
ኢድዋል ይህን ሳይሰማ፣ የድንጋይ አቧራ በሳንባው እንደያዘ ተቀበረ።

ከዚያ እኛ መጣን፦ የጥርስ ሐኪም፣ ጡረታ የወጣ ቄስ፣
በያጇ ታንግዊን፣ ብረት የሚታዘዛት፣ ምላሷ ግን የሚነክስ፣
እኔም ፖስታ አዳዩ። ሃያ ሁለት ዓመት፣ ቅዳሜያችንን ሰጠን፤
ዝገቱን ፋቅን፣ ፋቅን፤ ዝገቱም እኛን ፋቀን።

የመጀመሪያው ቀን የተውሶ ፊሽካ ገጠምንላት፤
ጮኸች። ሕዝቡ አጨበጨበ። ከኋላ አንዲት አሮጊት፣
ሞርፉድ፣ የኢድዋል ሚስት የነበረች፣
እጇን ከኪሷ ሳታወጣ፣
«በሰው ጉሮሮ ነው የምትጮኸው» ብላ ፊቷን አዙራ ሄደች።

ተከተልኳት። የወጥ ቤቷን በር እንዳይዘጋው ንፋስ፣
የሚያስደግፍ ነገር አለ፣ እንደ ፀሐይ የሚያበራ ናስ፤
በየሳምንቱ በሆምጣጤ ታሸው ነበር፣ ሳትነግር ለሰው ዘር።
«ውሰደው» አለችኝ፤ «ግን ቃል ግባልኝ፤ ከመታጠፊያው ዳር፣
ቤቴ ጋ ስትደርሱ አንድ ረጅም፣ ሁለት አጭር አስጩኹት፤
‹ድንቹን ጣጂ፣ ደረስኩ› ማለቱ ነበር፤
ሌላ የፍቅር ቃል እኔ አላውቅለት።»

ሞርፉድ አሁን የለችም። ቤቷን ለበጋ እንግዶች ያከራዩታል፤
ፊሽካው ያስደነግጣቸዋል፣ አንዳንዶቹም ቅሬታ ይጽፉልናል።
እኔ ግን መታጠፊያው ላይ ገመዱን እይዛለሁ፦
አንድ ረጅም፣
ሁለት አጭር።
በጎች ይበረግጋሉ፤ ጭሱ የቤቱን ጣራ ታክኮ ያልፋል።
የሚጥድ ሰው የለም፤
ውሃው ግን ፈልቷል።