ሰማያዊ ቁጥር አራት

ቸርችል ቁልቁለት ላይ፣ ከፖስታ ቤት ማዶ፣
አንድ ክፍል ቢሮ አለን፣ መስታወቱ ጠርቶ፣ ወንበሩ ግን ባዶ።
ፍቅርተና እኔ፣ ትኬት የማንሸጥ ሁለት ትኬት ሻጮች፣
አልኮል የላጠን እጆች፣
ስልክ ሲጮኽ የምንደነግጥ፤
ሰው ከገባ ደግሞ፣ በፕላስተሩ መስመር ልክ፣
ሁለት ሜትር ርቀን የምንቀመጥ።

ግድግዳው ላይ ደሴት፦ ጥጉ የተላጠ፣
ዘንባባው አዘንብሎ፣ አሸዋው ላይ ደግሞ
የአንድ ሰው ዱካ ወደ ውኃው የሮጠ፤
የመመለሻው ዱካ የለም።
አንድም ደንበኛ ግን «ይሄ ሰውዬ የት ገባ?» ብሎን አያውቅም።

አቶ ስንሻው ጠየቁ።
ሰኔ በገባ ሳምንት፣ ጃንጥላቸውን ደጅ ትተው፣
ሥዕሉ ሥር ቆመው፣ ከጭምብሉ በላይ በዓይናቸው እየሳቁ።
«ወዴት ነው አባባ?» አልኳቸው።
«ከምድር ወገብ ወደ ታች፣ አራት ዲግሪ ከሠላሳ» ነው መልሳቸው።

ካርታ ሥራ ነበሩ፣ ጡረታ እስኪወጡ፤
ሠላሳ አንድ ዓመት ባሕር ሲቀቡ ኖረው፣ ባሕር ሳያዩ የመጡ።
«ተራራው የሌላ ሰው፣ ከተማው የሌላ ሰው፣
ለኔ የተረፈኝ፣ ማንም ቤት የማይሠራበት ሰማያዊው ነው።
ቁጥር ሁለት ለዳሩ፣ ቁጥር አራት ለጥልቁ፤
ብሩሹ ጠብ እንዳይል፣ ትንፋሼን ውጬ ነው እጆቼ የሚጠነቀቁ።
ደሴት ማለት ለኛ፣ ብሩሽ የሚዘላት ነጭ ነቁጥ ናት፤
አንዷን፣ በሰባ ስምንት፣ ሐምሌ ማታ፣
ዓይኔ ደክሞ ቀለም ደፋሁባት።
ማንም አላየ። ካርታው ታተመ፤ እሷ ሳትታተም ቀረች።
እስቲ ልያት ብዬ ነው። አለች?»

ምን ይባላል?
ኮምፒውተሩን ሳየው «ድንበሩ ዝግ ነው» ይላል።
በሐምሌ ተከፈተ፣ ከነሰባ ሁለት ሰዓቱ፤
ከስታዲየም ጀርባ፣ ላቦራቶሪው ደጅ፣ ተሰልፈው ከሌሊቱ፣
ያን እንጨት በአፍንጫ፣ ኧረ በአንጎል ችለው፣
«ነጻ» የሚል ወረቀት በላስቲክ ጠቅልለው፣
እንደ ወተት ቀን ያለው ጤና ይዘው መጡ፤
በረራው ወደ እሑድ ተገፋ። ሰዓቶቹ ሮጡ።
እሑድ ሲደርስ፣ ጤነኛው ሰው ጊዜው አለፈበት።
ድጋሚ ገንዘብ፣ ድጋሚ ሰልፍ፣ ድጋሚ አፍንጫ፣ ድጋሚ ወረቀት፤
በማግስቱ ደግሞ አዲስ ዝርዝር ወጣ።
«አባባ፣ አገራችን ቀይ ሆናለች» አልኩ፣
እንዳይቆጡ ፈርቼ፣ እንዳይመጣብኝ ጣጣ።
«ቀይ?» አሉ። አሰቡ።
«ቀይ እኮ በኛ ቤት ክረምት ከበጋ የሚያስኬድ መንገድ ነው» አሉና፣
ወረቀቱን አጣጥፈው ኪሳቸው አስገቡ።

ከበሩ ተመለሱ፦
«ድንበር የሚያሰምረው ጣሰው የሚባል ጓዴ ነበር፤
ጠዋት ጠዋት እጁ ይንቀጠቀጣል።
በዚያ እጅ የተሰመረ መስመር፣ ዛሬ ሰው ይመልሳል?»

ጳጉሜን ሁለት ቀን፣ በሦስተኛው ወረቀት፣ ሄዱ።
ፍቅርተ «ኮሚሽኗ ስንት ነች?» አለች፤
የኔ ዓይኖች ግን ሥዕሉ ላይ፣ ዱካው ላይ ወረዱ።

በአምስተኛው ቀን ደወሉ። ነፋስ አለበት ድምፃቸው።
ስድስት ቀን ከሆቴሉ እንዳይወጡ ታዘዋል፤
ባሕሩን የሚያዩት ከሰገነት ነው፣ በካልሲያቸው።
«አለች?» አልኩ።
«እሷን ገና ነው፤ በጀልባ ግማሽ ቀን ይፈጃል ይላሉ፤
ሰዎቹ ደጎች ናቸው፣ ዓሣ ያመጡልኛል፣
ደፉ ላይ አስቀምጠው ይሮጣሉ።»
ከዚያ ዝም። ማዕበል ይሁን የስልክ መስመር፣ አንድ ነገር ያንሾካሹካል።
«ልጄ… ቁጥር አራት አይደለም። ሁለትም አይደለም።
አረንጓዴ ነው እኮ!
አረንጓዴን እኛ ለጫካ ነበር የምንሰጠው።
ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ…»
ተቋረጠ።

ከቴዎድሮስ አደባባይ የመስከረም ዶፍ፣ አፈሩን ጠርጎ፣
አንድ ጭምብል፣ አንድ ነጠላ ጫማ አዝሎ፣
ወደ ለገሃር ይወርዳል፤ ቀለሙን ቁጥር አጣሁለት።
እኛም በር ሥር ገባ።
ፍቅርተ መጥረጊያ ይዛ «እግርሽን አንሺ» አለችኝ።
አነሣሁ። ወንበሬ ላይ፣
ዙሪያዬን ውኃ ከቦኝ፣ ብሩሽ የዘለለኝ።