ሰባቱ ልክ ናቸው

ሐምሌ ነው፣ ሌሊት ነው፣ ቂርያት ጋት ላይ ሙቀት፤
በሩን ዘግቻለሁ፣ ክፍት ነው መስኮት።
ከላይ ፎቅ ያንጠባጥባል የሰው አየር ማቀዝቀዣ፤
የእኔ አንድ ቬንትሌተር ነው፣ አንድ ፎጣ፣ የላብ መያዣ።

ጠረጴዛው ላይ ሆዱ ተገልጦ ተኝቷል ኮምፒውተር፣
አጠገቡ አቪሻይ፣ የእናኑ የመጨረሻ ልጅ፣
ከወታደር ቤት ከወጣ ገና አራት ወር።
«መሃል ላይ ደርቆ ይቀራል፣ ጠፍቶም ይነሣል» አለኝ፤
ምን እንዳደረገው ሳልጠይቀው ገባኝ፤
ከተሠራበት ፍጥነት በላይ እንዲሮጥ አዞታል፣
አራት የነበረውን አምስት አድርጎታል።

ወርቅ በእሳት ይፈተናል ይሉ ነበር አባቴ፤
ስንት ዲግሪ? ስንት ሰዓት? ይህን አልሰማሁ በሕይወቴ።
የእኔ ሥራ ቁጥር ነው። ፕሮግራሙን ጭኜ ለቀቅኩት፤
ስሙን እንኳ አልደበቀም፣ «ማሰቃያ» ነው የሚሉት።
ስምንት ኮር አለው፤ ስምንት ወንድማማች እላቸዋለሁ፣
ስምንቱንም ከእንቅልፍ አንድ ላይ እቀሰቅሳለሁ፣
ከራሱና ከአንድ በቀር ለማንም የማይካፈል
ግዙፍ ቁጥር ሰጥቼ፣ አስልተው እንዲሉኝ፦ ይህን ያህል።
መልሱ ቀድሞ ይታወቃል። የሚፈለገው ሌላ ነው፦
ቀዝቅዞ የተናገረውን፣ እየነደደ ይደግማል ወይ ሰው?
ማሽን ማለቴ ነው።

ስልሳ። ሰባ አራት። ሰማንያ ስምንት።
ማራገቢያው እንደ ሳይረን ጀመረ ጩኸት፤
የልጁ ጣቶች የጠረጴዛውን ጠርዝ ጨበጡት።
የወደቀ ካቻቢቴ እንደምፈልግ ሆኜ
ጎንበስ አልኩ፣ እንዳላየሁ ይምሰለው ብዬ።

ወሬ አመጣሁ፣ ስለ እህቴ ስለ ዘውዲት፦
ከተማው ጫፍ ፋብሪካው ውስጥ እንደምትሠራ ሌሊት ሌሊት፣
ነጭ ለብሳ፣ ዓይኗ ብቻ ታይቶ፣ እንደ ማር ቆራጭ።
ማን ያውቃል፣ ይሄም ከእጇ ወጥቶ ይሆናል፤
ባሕር ተሻግሮ፣ በካርቶን ታሽጎ፣ ቀረጥ ተከፍሎበት ተመልሷል፣
የተወለደበትን ሰፈር ሳያውቀው።
ልጁ ሳቀ። አጭር ሳቅ። ቢሆንም ሳቅ ነው።

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ቀይ መስመር መጣ፤
ቁጥር ስድስት (ከዜሮ ስለሚቆጠር፣ ሰባተኛው ወንድም ነው) የተሳሳተ መልስ አወጣ።
«በቃ? ይጣል?» አለ፤ ድምፁ ከጥያቄው ከበደ።
«ሰባቱ ልክ ናቸው» አልኩት፤ «እሱም ልክ ነበር፣ እስኪገፋ ድረስ።»
«ሰባቱ እሱን ተሸክመው አይሄዱም?»
«አይሄዱም። እሱ እንዲቆም ሁሉም ቀስ ይላሉ፣ ሌላ መንገድ የለውም።»

ፈታሁት። የደረቀውን ቅባት ጠረግኩ በአልኮል፣
አዲስ ቀባሁ፣ የአተር ፍሬ የሚያህል፤
ፍጥነቱን መለስኩት ወደ አራት ተኩል።
«አሳነስክብኝ» አለ። «ዘገየ እንጂ አላነሰም» አልኩት፤
ማሰቃያውን እንደገና አስነሣሁበት።

ያን ጊዜ ነው ዓይኑን ከስክሪኑ ሳይነቅል፦
«እኔም አንዴ፣ በሦስተኛው ሳምንት፣ ተሳስቼ…» ብሎ
ተወው።
አልገፋሁትም።
ያ ፕሮግራም ሰው ላይ አይጫንም።

ሰባ አንድ። ሰባ አንድ። ሰባ ሁለት። ሰባ አንድ።
ጫማውን ሳያወልቅ ወንበሩ ላይ እንቅልፍ ወሰደው።
እናኑ ደወለች፤ በሹክሹክታ «እዚህ ነው፣ ተኝቷል» አልኳት፤
ዝም አለች፣ የተቋረጠ እስኪመስለኝ ድረስ፣
ከዚያ «ተኝቷል?» አለች፣ እንደማታምን ሰው።

ሊነጋጋ ሲል የቆሻሻ መኪና አልፎ መስኮቱ ተንቀጠቀጠ፤ አልነቃም።
ፈተናው ካለፈ ቆይቷል፣ አንድም ስህተት የለም።
ማጥፋት ነበረብኝ፤ መብራቱም ሼቄል ይቆጥራል፤
ግን ያ ማራገቢያ ድንገት ጸጥ ካለ
ልጁ በጸጥታው ይነቃል።
ተውኩት፣
ያስላ።