የድንኳኑ መዝገብ

ጠባሴ ላይ ውርጩ ቆርቆሮውን ሲነክስ፣
ከሌሊቱ ስምንት፣ እግሬን ዝተት ሳለብስ፣
ጣቴን በትንፋሼ እያሞቅሁ ተቀመጥሁ፤
የማላውቀው ሰው የጻፈውን ኮድ ገለጥሁ።

«ያዝ» ይላል አንድ መስመር። ዝቅ ብሎ «ልቀቅ» ይላል።
ይኸው ነው። ከዚህ የቀለለ ነገር የት ይገኛል?
ስክሪኑ የሚያሳየው ሥዕል ያረፈበት
አንድ ቁራጭ ቦታ፣ ብዙ እጅ ያለበት፤
የፈለገው ሁሉ «ያዝኩ» ብሎ አንድ ይጨምራል፣
የጨረሰው ደግሞ «ለቀቅኩ» ብሎ አንድ ይቀንሳል፤
ቁጥሩ ዜሮ ሲገባ፣ ያዥ የጠፋ ለታ፣
ይፈርሳል፤ ለሌላው ይለቀቃል ቦታ።

ግን እዚህም ተጽፏል። እዚያም ተጽፏል።
ሰባት ድራይቨር ውስጥ ሰባቴ ተገልብጧል፤
አንዱ የጻፈውን ሌላው ቀድቶ ወስዶ፣
ስሙን ብቻ ለውጦ፣ ስሕተቱን አብሮ ወልዶ።
አምስተኛው ፋይል ላይ፣ ሥራው ሲከሽፍ፣
በጓሮ በር ይወጣል «ልቀቅ»ን ሳይጽፍ።
እሱ ሄዷል። የያዘው እንደ ያዘው ቀርቷል፤
ማህደረ ትውስታው በሌለ ሰው ተይዟል።

ይኼን በሽታ አውቀዋለሁ፤ ኮድ ሳላውቅ በፊት።
አጎቴ ጋሽ ጥላዬ፣ የዕድሩ ዕቃ ቤት…
ከብርድ ልብስ ፋብሪካ በጡረታ ሲወጣ
ቁልፉን ሰጡት፤ ቁልፉ ግን ብቻውን አልመጣ፤
ሰባት መዝገብ መጣ፣ ለሰባት ሰፈር፣
አንድ ድንኳን ለሁሉ፣ ሰባት ቦታ ሲቆጠር።

በሬሳ ማዶ ያሉት «መልሰናል» ይላሉ፤
የላይ ሰፈሮቹ «እናንተ ጋ ነው» ብለው ይምላሉ፤
አንድ ክረምት ሙሉ፣ ለቅሶ በሌለበት፣
ድንኳኑ ቆሞ ከረመ ዝናብ እየወረደበት።
ማን ያፍርሰው? አንድ መዝገብ ላይ አንድ ስም አልተሰረዘ።
ሸራው ሻገተ፤ ካስማው ነቀዘ።

ሌላ ጊዜ ደግሞ፣ ከዚህም ሲብስ፣
አንዱ በሁለት መዝገብ «መለስኩ» ብሎ ሲጨርስ፣
ጎረምሶች መጡ፣ «ያዥ የለም» ተብለው፣
ከእማማ ዘነበች ደጅ ምሰሶውን ነቅለው፣
ለቀስተኛው እንደ ተቀመጠ፣ ንፍሮ በእጁ ይዞ፣
ሸራው ወረደበት ውርጭ ተመርኩዞ።
ዛሬ ይሳቅበታል። ያን ቀን የሳቀ አልነበረም።

ጋሽ ጥላዬ አልጮኸም። ሰባቱን አሰረ፣
በሲባጎ ጠፍሮ ቆጥ ላይ ወረወረ፤
ባለ መቶ ሉኩን አንድ ደብተር ገዛ።
«ሰፈር አይቁጠርልኝ» አለ፣ «ቆጠራ በዛ።
ቢቸኩል፣ ቢጣላ፣ በየት በኩል ቢያልፍ፣
ሳይፈርም አይወጣም። በሩ ላይ ነኝ፤ ይጻፍ!»
ሰባቱ ጸሐፊዎች ወር ሙሉ አኮረፉ፤
«እኛ ሌቦች ነን ወይ?»
                              በኋላ ግን ዐረፉ።

እኔም ይኸው ዛሬ ሰባቱን አጠፋሁ፤
አንድ ቤት አበጅቼ ቆጠራውን አስገባሁ።
ሦስት መቶ አሥራ ሁለት መስመር ወጣ፤
አርባ አንድ ገባ። መብራት ሄደ፤ መጣ።
ስክሪኑ ጨልሞ፣ ልቤም አብሮት ጨልሞ፣
ሥዕሉ ብቅ አለ፣ ሳይንቀጠቀጥ፣ ቆሞ።
የያዘው ሁሉ ለቀቀ። ቁጥሩ ዜሮ ገባ።

ባለፈው ኅዳር፣ ዐሥራ ሁለት ሲጠባ፣
ድንኳኑ ሲወጣ ለጋሽ ጥላዬ ለራሱ፣
ደብተሩ ላይ የፈረምሁ እኔ ነኝ፤ «ያዝኩ» ብዬ፣ በእርሳሱ።
በሣልስቱ ፈረሰ። ሸራው ታጥፎ፣ ገመዱ ተጠቅልሎ፣
ልጆቹ ወሰዱት በጋሪ ላይ ጭነው። በር ላይ የሚያስፈርም አልነበረም።

አዲሷ ቁልፍ ያዥ፣ ወይዘሮ ጌጤነሽ፣ ሁለቴ ደውላለች፦
«ድንኳኑ ገብቷል፤ ያንተ ስም ነው የቀረው፤ ናና ሰርዝ» ትላለች።
«እመጣለሁ» እላለሁ።
ዕቃ ቤቱ ከቤቴ የአምስት ደቂቃ መንገድ ነው።