የስለት ፈቃድ

ራምላ ገበያ፣ ከወይራው በርሜል በስተግራ፣
ሁለት ክንድ ከስንዝር ናት የኔ ሱቅ፤
አንድ ባለ ሞተር ሞረድ፣ አንድ ባልዲ ውኃ፣
ግድግዳው ላይ የተሰቀለ አርባ ሁለት ካራ።
ከካራዎቹም በላይ፣ በመስታወት ገብቶ፣
ፈቃዴ ተሰቅሏል፣ ፎቶዬ ፊት ነስቶ።

ሰባት ወር ጠበቅሁት። ሦስት ጊዜ አሻራ፣
አንዴ የጠፋ ፋይል፣ አንዴ የጠፋ ሠራተኛ፣
አንዴ "ሙያህን ከማን ተማርህ?" የሚል ጥያቄ፤
ለመልሱ ግማሽ መስመር።

ግማሽ መስመር!
ጎሹን የወለቃውን፣ ከወናፍ ጋር ያደረ፣
ቀን "ማረሻ ቀጥቅጥልን" ብሎ የመጣ ጎረቤት
ሲመሽ "ጅብ ሆኖ ይዞራል" እያለ ያማው የነበረ፤
ብረቱን ከእጁ ሳይሆን ከመሬት አንሥቶ፣
ሳንቲሙን ወርውሮ የሚሄድ፣ ዓይኑን ሸሽቶ።
አባቴ ፈቃድ አልነበረውም። ሐሜት ነበረው፤
ማኅተም የሌለው፣ ቀን የማያልፍበት፣
ልጅ የሚወርሰው።
"ከአባቴ" ብዬ ጻፍሁ።

ደብተሩ ሰማያዊ ነው። ለእያንዳንዱ ካራ
ስም፣ የመታወቂያ ቁጥር፣ የስለቱ ርዝመት፣
የተገዛበት ምክንያት፤ ከዚያ ፊርማ፣ ከዚያ ቀን።
ጉርጂያ፣ የኢራቋ ባልቴት፣
ከሠላሳ ዓመት በኋላ ቢላዋ ልትቀይር መጥታ
"ምክንያት?" ብላት፣ ቅንድቧን ሽቅብ ሰቅላ
"ባሌ ሞቷል እኮ" አለች፣ "ማንን እንዳርድ ነው?"
ሳቅን። ዓሣ ሻጩ ናዚህም ከማዶ ሳቀ።
"ሽንኩርት" ብዬ ጻፍሁላት፤ ስትፈርም ግን
እጇ ተንቀጠቀጠ፤ ሳቁም እዚያው አለቀ።

አንዳንዱ ደብተሩን ሲያይ "ሌላ ጊዜ" ይላል፤
ሌላው የቤቱን ዱልዱም በፌስታል ጠቅልሎ
"ይህ አሮጌ ነው፣ እሱም ይጻፋል?" ይለኛል፣
የእናቱን ቢላዋ እንደ ሰረቀ ሰው አቀርቅሮ።

ማሩም መጣ። የአድነው ልጅ፣ ሃያ ሁለት ዓመቱ፣
በሠርግ አዳራሽ ወጥ ቤት የተቀጠረ ሰሞን፤
"የራስህን ይዘህ ና" ብለውታል።
ሁሉንም በአውራ ጣቱ ዳሶ፣
ሃያ ሳንቲሜትሩን፣ እጀታው የወይራውን መረጠ።
ጻፍሁ። ፈረመ። ደረሰኙን አጥፌ
"ከደረት ኪስህ አትለየው" አልሁት።

ሎድ መናኸሪያ ላይ አስቆሙት። ደረሰኙን አሳየ፤
ላቡ ማኅተሙን አጥቦት ኖሯል፣ ቁጥሩ አልታየ።
እዚያው አደረ። ጠዋት ለእኔ ደውለው፣
ከደብተሩ አንብቤላቸው ለቀቁት።
"ዓይኑ ሰው ይበላል" ይሉት ነበር አባቴን፤
ሎድ ላይ ዓይን ማንን በላ? ማሩን።

እሑድ ካራውን በፎጣ ጠቅልሎ መጣ።
"ውሰደው፣ ጋሼ አለነ። በወጥ ቤቱ ደነዝ እቆርጣለሁ።"
ገንዘቡን መለስሁለት፤ ሳይቆጥረው ወጣ።

ደብተሩን ገለጥሁ። "ተሸጠ" የሚል ዓምድ አለ፣
"ተሰረቀ" አለ፣ "ጠፋ" አለ፤
"ልጁ ፈርቶ መለሰው" የሚል ግን የለ።
ቢሮ ደወልሁ። ሊአት የምትባል፣ ድምፅዋ ለስላሳ፣
"ተመላሽ አናውቅም" አለች፣ "ግን ባለቤት ያስፈልገዋል።"
ቢላዋ ምን ቢሳል እጀታውን አይቆርጥም ይላሉ፤
ያሉት ሰዎች ፎርም አልሞሉም።

ሻጭ፦ አለነ ጎሹ።
ገዢ፦ አለነ ጎሹ።
ርዝመት፦ ሃያ።
ምክንያት የሚለው ላይ ብዕሬ ቆመች።

አባቴ ዐርብ ሳይመሽ እሳቱን አጥፍቶ፣
እጁን እስከ ክርኑ ታጥቦ፣ ወናፉን አስተኝቶ፣
ራሱ በሠራው፣ ማንም ባልገዛው ካራ
የሰንበትን ዳቦ ይቆርስልን ነበር።

"ዳቦ" ብዬ ጻፍሁ። ፈረምሁ። ሁለቴ።
ሱቁን ዘግቼ፣ ካራውን በዚያው ፎጣ ይዤ፣
ደረሰኜን ከደረት ኪሴ ከትቼ፣
አውቶቡሱ ሲያልፍ ቆሜ አሳለፍሁት፤
በእግሬ ሄድሁ፣ በጓሮ መንገድ፣
ባለ ፈቃዱ ሰውዬ።