ቆይ፣ ይሙቅ

ከመናኸሪያው ጀርባ፣ ሸዋቀና ሱቅ ውስጥ ገባ፣
ሐሙስ ከሰዓት፣ ደብረ ብርሃን በነፋስ ስትገረፍ፣ ስትባባ።
ሁለት ሰው ተሸክሞት፣ አንደኛው ወገቡን ይዞ፣
በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ፣ እንደ በሽተኛ ተጓጉዞ።

ብርድ ልብሱ የፋብሪካው፣ ግራጫ ባለ ቀይ ጥለት፤
አምፕሊፋየሩም የዚያው፣ የኪነቱ ቡድን ንብረት።
ጎኑ ላይ በነጭ ቀለም ቁጥር ተጽፎበታል፤
«ቋሚ ዕቃ ፵፩» ይላል፣ የቀረው ተፍቆ ጠፍቷል።

ሠላሳ ዓመት መጋዘን፣ ከስብርባሪ ወንበር ጋራ፣
አይጥ ሽቦውን ስትቀምስ፣ ሸረሪት ቤት ስትሠራ፤
በጨረታ ሲወጣ፣ ገዢው ያየው እንጨቱን ነው፤
ለዶሮ ቆጥ አስቦ፣ በመቶ ሃምሳ ብር ወሰደው።
ሚስቱ ግን ከጀርባው አምፖሎቹን አይታ፣
«ይሄስ ዶሮ አያሳድርም» ብላ፣ ወደኛ ላከችው የዚያን ለታ።

ሸዋቀና ድሮ ሬዲዮ፣ ዛሬ ስልክ ነው የሚከፍት፤
እኔ ረዳቱ ነኝ፣ መስታወት ለጣፊ፣ የማላውቅ ሌላ ስልት።
ሦስት ሳምንት ጎንበስ ብሎ፣ በስታኞ ጢስ ታፍኖ፣
አንዱን ሽቦ ፈትቶ፣ አንዱን አስሮ፣ አንዱን ኮንኖ፤
አንድ አምፖል ጎደለ፤ መርካቶ ላክን፣ ጠፋ።
ያባቱን ሬዲዮ ከፈተ፤
ያን ሊያበራ ይሄን አጠፋ።

ከዚያ ባለ ጊታሩ ተጠራ፣ ወንድይፍራው፣ የጥንቱ፣
በሥራ ቀን የማታ ፈረቃ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ኪነቱ፤
ጡረታ ከወጣ ወዲህ፣ የዘበኛ ካፖርት ለብሶ
የሰው ግቢ ይጠብቃል፣
ግራ ጆሮውን የሽመና ማሽን በልቶት ጨርሶ።

መጣ። ጊታሩ አምስት ክር አለው፤
ስድስተኛው የብስክሌት ፍሬን ሽቦ ነው።

«ሰካኸው?» «ሰካሁት።» «በራ?» «በራ።»
ዝም።
ውጭ ባጃጅ ይንጫረራል፣ ነፋሱ ቆርቆሮ ላይ ያጓራ።
«ተበላሽቷል» ልል፣ እጄ ወደ ሶኬቱ ሲያመራ፣
ያዘኝ ሸዋቀና።
«ቆይ፣ ይሙቅ። ይሄ እንደ ስልክህ አይደለም፣
ሲነኩት አይነቃም፣ ሲጠሩት አቤት አይልም።
ሽማግሌ ነው፤ ይነሣ፣ ጉሮሮውን ይጥረግ፣
ከዚያ የፈለገውን ያድርግ።»

ቆየን። ከአምፖሎቹ ሆድ ቀስ ብሎ
የሲጋራ ጫፍ የሚያህል ፍም ታየ፣ ብርቱካን መስሎ።
የሚቃጠል አቧራ ሸተተን፤
የሱፍ ብናኝ፣ የአይጥ ጎጆ፣
እኔ ሳልወለድ የላበ ሰው።
ከዚያ ቀፎ ውስጥ እንዳለ ንብ፣ እምምም አለ።

ወንድይፍራው ቁልፉን ይዞ እስከ ጥግ አዞረው፣
«ቀንስ!» ሳንለው።
አንዷን ክር፣ አንዷን ብቻ መታ።

የወያላው «አዲሳባ!» አፉ ውስጥ እንዳለ ቀረ፤
የጋሪ ፈረስ ደንብሮ ወደ ጠባሴ በረረ፤
ግድግዳው ላይ ቻርጀር ሁሉ ተርገፈገፈ፣
ከጎረቤት ልኳንዳ፣ ከመንጠቆው ቢላ ረገፈ።
እኔስ? የተሞላች መንጋጋዬ
ለብቻዋ አብራ ዘፈነች።

ወንድይፍራው ግን ደህና ጆሮውን አልሰጠውም።
በደንቆሮው በኩል ዞሮ ወደ ሣጥኑ ዘንበል አለ፣
ሰው ምሥጢር ሲነግሩት እንደሚያደርገው።
«ይሰማሃል?» ብዬ ጮህኩ።
«አይሰማኝም» አለ። «ይነካኛል።»

ሁለተኛዋን መታ፣ ሦስተኛዋን፤
ዜማ ሊሆን፣ ትዝ ሊለው፣ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ፣
መብራት ሄደ።
የኛም፣ የልኳንዳውም፣ የመናኸሪያውም፤
«ቆጣሪው ፈነዳ» ያለ አለ፤ እኛ ግን ትንፍሽ አላልንም።
በሩ ላይ ሰው ሞላ፤ ባለ ልኳንዳው ቢላውን ጨብጦ መጣ፣
ጥግ ይዤ ቆምኩኝ።
«ድገሙት!» አለ፣ በቁጣ።

በምን ይደገማል? የታኅሣሥ ውርጭ ከደጅ እየገባ ነው።
አምፖሎቹ ግን ወዲያው አልጠፉም፤
ቀይ ሆኑ፣ ጠይም ሆኑ፤ እኛም፣ ባለ ቢላውም፣
እጃችንን ዘርግተን ከጀርባው ሞቅን።

ፍሟ ስታልቅ ወንድይፍራው ብርድ ልብሱን አነሣ፣
አለበሰው፤ የጥለቱን ጠርዝ በጣቱ ዳሰሰ፣ ዳሰሰ፣
«የኔ ፈረቃ ናት ይቺ» አለ፤
ለማን እንዳለው አላወቅንም።