ለደጋኔ ጅማት

ነገ ግጥሚያ አለብን፣ ከማዶ ሰፈር ጋር፤
ደጋኔ ቀርከሃ ነው፣ የአባቴ፣ ከቡምታንግ ዱር።
ጅማቱ ትናንት ጧ ብሎ ተበጠሰና
ጉንጬን ገርፎኝ አለፈ፤ ሰንበሩ አለ ገና።

ታንዲን ከቲምፑ ገበያ ናይሎን አመጣልኝ፤
«ዝናብ አያበሰብሰው፣ አይጥ አይደፍረው» አለኝ።
ሳብኩት፤ ተለጠጠ እንደ ባለዕዳ ቃል፣
ለቀቅኩት፤ ዝም አለ። ጅማት ዝም ይላል?

ከሚስቴ ሣጥን ሥር ቀይ ሐር ነበረ፣
እጅ ሲነካው የሚያፍር፣ ለሠርግ የተቋጠረ።
መለስኩት።
በሚሳሱለት ነገር ቀስት አይገተርም።

እናቴ ቾዘም ይህን ሁሉ አይታ አልተነፈሰች፤
ባለፈው መኸር የላጠችውን ሳማ ከጣራ ሥር አወረደች።
ያን ጊዜ ክንዷ እስከ ክርኗ ቀልቶ
ስቄባት ነበር፣ «ክር ይገዛ የለ?» ብዬ።
በአመድ የቀቀለችውን ቃጫ
በጭኗ ላይ እያሻሸች
ሌሊቱን ሙሉ ገመደች፤
ሰም አጠጣችው።

ደጋኑን ግን አልነካችም።
ሴት የነካችው ደጋን ዒላማ ይስታል ይባላል በእኛ መንደር።
ደፍ ላይ ቆማ ጅማቱን ወረወረችልኝ፤
«እሰረው» አለች፣
እጇን ቀሚሷ ውስጥ ደብቃ።

አሰርኩት። በአውራ ጣቴ መታ ባደርገው
ጮኸ፣ ንብ የገባበት ቅል ይመስል።

ነገ ሽማግሌው ደጋኔን አገላብጦ
«ሴት ነክታዋለች?» ብሎ ይጠይቀኛል።
ምን ብዬ ልመልስ?
የተቀቀለ ሳማ አይለበልብም ይላሉ፤
ጣቴን ግን ይበላኛል።